ፍጹም ቅጣትና ፍጹም ያልሆነ ዳኛ

ከእንጦጦ ግርጌ፣ ከሽሮ ሜዳ ሽቅብ በሚወጣው የጉለሌ ዳገት ላይ ልጆች ኳስ ሲጫወቱ የሚታይበት ስፍራ አይታጣም። ሜዳው ያዘመመ ነው፤ የግቡ ቋሚዎች ድንጋዮች ናቸው፤ መስመርም አልተሰመረም። ቁልቁል ሲያጠቃ የነበረው ቡድን ከዕረፍት በኋላ ሽቅብ እንዲያጠቃ ሁሉም ያውቃል፤ ስለዚህ የመሬቱ አድልዎ በስምምነት ተስተካክሏል። ያልተስተካከለው ሌላ ነው። ኳሷ የአንዱን ልጅ ክንድ ነክታ ስትወጣ ግማሹ «እጅ ነው!» ብሎ ይጮኻል፤ ግማሹ «ደረቱ ነው!» ይላል። ክርክሩ ሲከር የሁሉም ዓይን ወደ አንድ ልጅ፣ ወደ ባለ ኳሱ ይዞራል። እርሱ ያለው ይሆናል። ካልሆነ ኳሱን አንሥቶ ወደ ቤቱ ይገባል፤ ጨዋታውም ያበቃል።

ይህች ትንሽ ትዕይንት ትልቅ ጥያቄ ታነሣለች። ሰው፣ ሊሳሳት እንደሚችል በሚያውቀው በሌላ ሰው ፍርድ ስለ ምን ይገዛል? ፍርዱ ትክክል ሆኖ ሲታየው መታዘዝ አያስቸግረውም፤ ያን ጊዜ የሚታዘዘው ለዳኛው ሳይሆን ለገዛ ራሱ አሳብ ነው። ፈተናው የሚመጣው ፍርዱ የተሳሳተ ሆኖ በታየው ጊዜ ነው። ያን ጊዜ ቢታዘዝ ስሕተትን ያጸደቀ ይመስለዋል፤ ባይታዘዝ ግን ነገሩ ወደ ባለ ኳሱ፣ ማለትም ወደ ጉልበተኛው ይመለሳል።

አማርኛ በእግር ኳስ ሜዳ ፊሽካ ለሚነፋው ሰው አዲስ ስም አላወጣለትም። በችሎት ከሚቀመጠው፣ ዕድር ከሚመራውና ዕቁብ ከሚያስጥለው ሰው ጋር በአንድ ስም «ዳኛ» ብሎ ጠራው። ይህ የቃል ድህነት አይደለም። ሥራው አንድ መሆኑን ሕዝቡ ስላወቀ ነው። ከሜዳው ቅጣቶች ሁሉ የከበደውን ደግሞ «ፍጹም ቅጣት ምት» አለው። ኳሷ ከግቡ መስመር በ11 ሜትር ርቀት ላይ ትቀመጣለች፤ መቺውና ግብ ጠባቂው ብቻ ይፋጠጣሉ፤ የሌሎቹ ተጫዋቾች ድካም ሁሉ በአንዲት ምት ላይ ይንጠለጠላል። እንግዲህ ቅጣቱ ፍጹም ነው፤ ቅጣቱን የሚሰጠው ሰው ግን ፍጹም አይደለም። በዓለም ሜዳዎች ሁሉ የሚነሣው ጩኸት የሚፈልቀው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ካለው ርቀት ነው።

አባቶች በችሎት ሲከራከሩ የኖሩ በመሆናቸው ስለዚህ ነገር ያስተዋሉትን በአንድ ምሳሌያዊ አነጋገር አስቀምጠውታል፦ «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ፣ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ታንገበግበኛለች።» በቅሎ የባለጸጋ ንብረት ናት፤ ጭብጦ ግን የአንድ ቀን ስንቅ ነው። ተናጋሪው ዋጋቸው የጠፋው ሰው አይደለም። የሚለው፣ ሰውን የሚያቃጥለው የሄደበት ነገር መጠን ሳይሆን የሄደበት መንገድ ነው። በመንገዱ ካመነ በቅሎውን ያህል ነገር አጥቶ ወደ ቤቱ ይገባል፤ በመንገዱ ካላመነ ስለ አንዲት ጭብጦ ዕድሜ ልኩን ይቆጫል። ሆኖም ምሳሌው ያልመለሰው አንድ ጥያቄ አለ። ያለ ፍርድ መሄዷን የሚያውቀው ማን ነው? ተበደልሁ የሚለው ሰው ራሱ ብቻ ከሆነ፣ እያንዳንዱ ተሸናፊ በቅሎውን «ጭብጦዬ» እያለ ሊያለቅስ አይችልምን?

ይህን ጥያቄ በአሳብ ብቻ ሳይሆን በተጨባጭ ለመመርመር፣ የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን በ2005 ዓ.ም. እና በ2006 ዓ.ም. መጀመሪያ ያሳለፈው ጊዜ በቂ ማስረጃ ይሰጣል። ቡድኑ በአሠልጣኝ ሰውነት ቢሻው መሪነት ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ውድድር ተመልሶ ነበር። ጥር 21 ቀን 2005 ዓ.ም. በደቡብ አፍሪካ፣ በሩስተንበርግ ከተማ ከናይጄሪያ ጋር ገጠመ። ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃዎች እስኪቀሩት ድረስ ግብ አልተቆጠረም። ከዚያ በኋላ ዳኛው ለናይጄሪያ ሁለት ፍጹም ቅጣት ምቶች ሰጡ፤ ቪክቶር ሞሰስ ሁለቱንም አገባ፤ የኢትዮጵያው ግብ ጠባቂ ሲሳይ ባንጫም በቀይ ካርድ ወጣ። ውጤቱ 2 ለ 0 ሆነ።

ሁለቱ ቡድኖች ለዓለም ዋንጫ የመጨረሻ ማጣሪያ እንደገና ተገናኙ። ጥቅምት 3 ቀን 2006 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ስታዲየም በኃይሉ አሰፋ ለኢትዮጵያ ቀዳሚውን ግብ ሲያስቆጥር ከተማው ተናወጠ። በዚያው ጨዋታ የግቡን መስመር አልፏል፣ አላለፈም የሚል ክርክር ያስነሣ ኳስ ሳይጸድቅ ቀርቶ ነበር። ናይጄሪያዊው ኢማኑኤል ኢሜኒኬ አቻ አደረገ፤ በ90ኛው ደቂቃ ላይም በፍጹም ቅጣት ምት ሁለተኛውን አገባ። ኅዳር 7 ቀን በካላባር ከተማ በተደረገው የመልስ ጨዋታ ናይጄሪያ 2 ለ 0 ስታሸንፍ የመጀመሪያዋ ግብ እንደገና የፍጹም ቅጣት ምት ነበረች። በዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ፣ በሦስት ጨዋታዎች ናይጄሪያ በኢትዮጵያ ላይ ካስቆጠረቻቸው 6 ግቦች 4ቱ የተገኙት ከ11 ሜትር ርቀት ነው።

በዚያን ጊዜ ከስታዲየም ወደ ጉለሌ፣ ወደ አዲሱ ገበያና ወደ ሽሮ ሜዳ የተመለሰው ተመልካች ይህን ቁጥር በቃሉ ያዘው። አራት! ቁጥሩ ትክክል ነው። ከቁጥሩ የሚወጣው ፍርድ ግን ከአንድ በላይ ሊሆን ይችላል። ዳኞቹ አድልተው ይሆናል። ወይም በጨዋታ ማብቂያ ላይ የደከመ ተከላካይ ኃያል አጥቂን ሲከላከል ይሳሳታል፤ አራቱም የድካምና የልምድ ማነስ ውጤቶች ይሆናሉ። ወይም ደግሞ ከፊሉ ትክክል፣ ከፊሉ ስሕተት ሆኖ አጋጣሚ አንድ ላይ አምጥቷቸው ይሆናል። ከሦስቱ ማብራሪያዎች አንደኛው ለደጋፊ ምንም አያስከፍለውም። ዳኛው አድልቷል ያለ ደጋፊ ከቡድኑ ምንም አይጠይቅም፤ ተከላካዩ አቋሙን እንዲያስተካክል፣ አሠልጣኙ የመጨረሻዎቹን ደቂቃዎች እንዲያስብባቸው፣ የስፖርት ማኅበሩ ወጣቶችን እንዲያዘጋጅ አይጠይቅም። ሁሉም ዕዳ በአንድ ባዕድ ሰው ትከሻ ላይ ይወድቃል። ነጻ የሆነ ማብራሪያ ሐሰት ነው ማለት አይደለም። ነገር ግን ነጻ ስለሆነ ብቻ የሚመረጥ ማብራሪያ ሊጠረጠር ይገባል።

ከዚህም በላይ መዝገቡ ሙሉ አይደለም። ከሩስተንበርጉ ጨዋታ ስምንት ቀን ቀደም ብሎ፣ ጥር 13 ቀን፣ ኢትዮጵያ ከዋንጫው ባለቤት ከዛምቢያ ጋር ስትጫወት ፍጹም ቅጣት ምት የተሰጠው ለኢትዮጵያ ነበር። ሳላዲን ሰዒድ መታው፤ ግብ ጠባቂው አዳነው። ቡድኑ ያን ቀን በቀይ ካርድ አንድ ሰው ጎድሎበት አንድ ለአንድ ወጥቶ በክብር ተመለሰ። የናይጄሪያን አራት ምቶች በቃሉ የያዘው ደጋፊ ይህችን አንዲት ምት ግን አይጠቅሳትም። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የተሰጠው ነገር በሰው ልብ ውስጥ «መብቴ» በሚል ይመዘገባል፤ የተወሰደበት ነገር ደግሞ «በደሌ» በሚል ይመዘገባል። በመሆኑም የቂም መዝገብ ብዙ ጊዜ አንድ ዓምድ ብቻ ነው ያለው። ሁለተኛው ዓምድ የሌለው መዝገብ በማናቸውም ሒሳብ ሹም ዘንድ ተቀባይነት የለውም፤ በኅሊና ዘንድም ሊኖረው አይገባም።

የዚያ ዘመን ትልቁ የሥነ ምግባር ትምህርት ግን ከፍጹም ቅጣት ምቶቹ አልመጣም። የመጣው ከሁለት ቢጫ ካርዶች ነው። ሰኔ 9 ቀን 2005 ዓ.ም. ኢትዮጵያ በአዲስ አበባ ደቡብ አፍሪካን 2 ለ 1 አሸንፋ ምድቧን ጨረሰች ተብሎ ሕዝቡ በየጎዳናው ጨፈረ። በዚያኑ ቀን ሌላ ወሬ ተሰማ። ከስምንት ቀን በፊት፣ ሰኔ 1 ቀን፣ ቡድኑ ቦትስዋናን በሜዳዋ ሲያሸንፍ የተሰለፈው ምንያህል ተሾመ ቀደም ባሉት የማጣሪያ ጨዋታዎች ሁለት ቢጫ ካርዶች ስለነበሩበት መሰለፍ አይገባውም ነበር። ፊፋ ጉዳዩን መርምሮ የቦትስዋናውን ውጤት ሰረዘ፤ ጨዋታው ለቦትስዋና 3 ለ 0 ተመዘገበ፤ ኢትዮጵያም ሦስት ነጥብ ተቀነሰባት።

ይህን ፍርድ «ግትር» ለማለት የሚያበቃ ነገር አለ። ተጫዋቹ ማንንም አላታለለም። ግጥሚያው በሜዳ ላይ በሚገባ ተሸንፎና ተሸናንፎ ያለቀ ነው። ቅጣቱ የአንድን ጽሕፈት ቤት ቸልተኝነት ለመቅጣት ሲል የተጫዋቾችን ላብና የሚሊዮኖችን ደስታ አብሮ ቀጣ። ነገር ግን ከዚህ ሁሉ ጋር አንድ ሊካድ የማይችል እውነት ቆሟል፤ ይኸውም ሕጉ አስቀድሞ የተጻፈ፣ ለሁሉም የተነገረና ለሁሉም አንድ ዓይነት መሆኑ ነው። ከጥቂት ወራት በኋላ ኬፕ ቨርዴ ቱኒዚያን በሜዳዋ አሸንፋ ምድቧን ከመራች በኋላ በተመሳሳይ ጥፋት፣ የታገደ ተጫዋች በማሰለፍ፣ ውጤቷ ተሰርዞ ከውድድሩ ወጣች። ሕጉ ትንሿን ደሴትም ሆነ ሰፊዋን አገር በአንድ ዓይን አየ። የኢትዮጵያ እግር ኳስ ፌዴሬሽንም ስሕተቱን አልካደም፤ አመነ። ቡድኑ ከዚያ በኋላ ወደ ብራዛቪል ሄዶ የመካከለኛው አፍሪካ ሪፐብሊክን 2 ለ 1 በማሸነፍ ምድቡን መሪ ሆኖ ጨረሰ። የተቀነሰበትን ነጥብ በጩኸት አላስመለሰውም፤ ሌላ ጨዋታ አሸንፎ ተካው።

እንግዲህ ሁለቱን ነገሮች ጎን ለጎን ማስቀመጥ ያስፈልጋል። አራት ቅጣት ምቶችን የቆጠረ ሕዝብ ሁለት ቢጫ ካርዶችን ሳይቆጥር ቀርቶ ነበር። ሰው የሌላውን ዳኛ ስሕተት በደቂቃና በሰከንድ ያስታውሳል፤ የራሱን መዝገብ ግን ገልጦ አያይም። ፍትሕን የመጠየቅ መብት ከቆጠራ ይጀምራል፤ ቆጠራውም ከራስ ይጀምራል። የራሱን ቢጫ ካርድ ቆጥሮ የተገኘ ቡድን በማግስቱ «ያ ፍጹም ቅጣት ምት አይገባም ነበር» ቢል የሚሰማው ያገኛል፤ ያልቆጠረ ግን እውነት ቢናገር እንኳ ቃሉ የተሸናፊ ለቅሶ ሆኖ ይቀራል።

ይህ ማለት ግን ዳኛ አይጠየቅም ማለት አይደለም። ጥብቅነት በራሱ በጎ ምግባር ነው ብሎ የሚያምን ዳኛ ከሚያዳላው ዳኛ ያነሰ አደጋ የለውም። አርስጣጣሊስ ስለ ሥነ ምግባር በጻፈው መጽሐፍ ሕግ ሁልጊዜ አጠቃላይ ነገርን እንደሚናገር፣ የሰው ድርጊት ግን ልዩ ልዩ እንደሆነ አስረድቷል፤ ስለዚህም ፍርድ በሌስቦስ ደሴት ግንበኞች ይገለገሉበት እንደነበረው የእርሳስ መለኪያ የድንጋዩን ቅርጽ ተከትሎ መተጣጠፍ ሊያስፈልገው ይችላል ይላል። ፍትሐ ነገሥትም ስለ ዳኞች በሚናገርበት ክፍል ዳኛ ፊት አይቶ እንዳያደላ ያዝዛል። ሁለቱ ትምህርቶች የሚቃረኑ ይመስላሉ፤ አይቃረኑም። መለኪያው ለድንጋዩ ቅርጽ ይታጠፋል እንጂ ለድንጋዩ ባለቤት አይታጠፍም።

ይህን የሽሮ ሜዳ ሸማኔ ከማንም ይልቅ ያውቀዋል። ድሩ አስቀድሞ የተወጠረ ነው፤ ሸማኔው በመካከል ሊያሳጥረው ወይም ሊያረዝመው አይችልም። ማጉን ግን በእጁ ስሜት ያስገባዋል፤ ባጠበቀ ጊዜ ጨርቁ ይኮማተራል፤ ባላላ ጊዜ ይሳሳል። ሕግ ድር ነው፤ ዳኝነት ማግ ነው። ማግ የሌለው ድር ልብስ አይሆንም፤ አንዱን ጥግ አጥብቆ ሌላውን ያላላ ሸማኔም ሸማው ሲዘረጋ ይታወቅበታል። በሜዳም እንዲሁ ነው። በ5ኛው ደቂቃ ያለፈውን ንክኪ በ90ኛው ደቂቃ የሚቀጣ ዳኛ ሁለቱንም ጊዜ በሕግ መጽሐፍ ሊከላከል ይችል ይሆናል። ተጫዋቹን የሚያስከፋው ግን የቅጣቱ ክብደት አይደለም። በየትኛው ሚዛን እንደሚመዘን ሳያውቅ መቅረቱ ነው።

የዕድር ዳኛ ይህን ፈተና በየጊዜው ይቀምሰዋል። ከቀብር የቀረ አባል ይቀጣል የሚል ደንብ አለ። አንዱ ታሞ ቀረ፤ ሌላው በንግድ ምክንያት ቀረ፤ ሦስተኛው የዳኛው የገዛ ወንድም ነው። ሕመምተኛውን ቢምር ማንም አያጉረመርምም፤ ድንጋዩ ሌላ ቅርጽ አለውና። ወንድሙን ቢምር ግን በዚያኑ ዕለት ዕድሩ መፍረስ ይጀምራል፤ የሚፈርሰውም በቅጣቱ ገንዘብ ምክንያት አይደለም። የተማሪዎቹን የፈተና ወረቀት የሚያርም መምህር፣ የሥዕል ወይም የተውኔት ውድድር የሚዳኝ ባለሙያ፣ የባለ ጉዳይ አቤቱታ የሚቀበል ሹም ሁሉ የዕድሩን ዳኛ ወንበር ተቀምጠውበታል። ፊሽካ ባይነፉም ፍጹም ቅጣት ይሰጣሉ።

በቅርብ ዓመታት መሣሪያ ይህን ችግር ያስወግደዋል የሚል ተስፋ ተስፋፍቷል። በ2010 ዓ.ም. በሩሲያ በተካሄደው የዓለም ዋንጫ ዳኞች በቪዲዮ ምስል መረዳት ጀመሩ። ኳስ መስመር አልፋለች፣ አላለፈችም ለሚለው ጥያቄ መሣሪያ በእርግጥ መልስ አለው፤ በ2006 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ስታዲየም ቢኖር ኖሮ አንድ ክርክር በደቂቃ ውስጥ ያልቅ ነበር። ነገር ግን «ክንዱ በተፈጥሯዊ አኳኋን ነበር ወይ?» «ግፊያው ለመውደቅ ያበቃ ነበር ወይ?» የሚሉት ጥያቄዎች የዓይን ሳይሆን የፍርድ ጥያቄዎች ናቸው፤ ምስል ደጋግሞ ማሳየት እንጂ መፍረድ አይችልም።

ለዚህ ከሩቅ አገር ምስክር አለ። አሜሪካኖች «ፉትቦል» በሚሉት፣ ሞላላ ኳስ ይበልጡን በእጅ በሚያዝበት ጨዋታ፣ ዳኞች ጥፋት ሲያዩ ቢጫ ጨርቅ ወደ ሜዳው ይወረውራሉ፤ ከስፖርቶች ሁሉ ቅጣት የሚበዛበትና ሕጉ የሚጠብቅበትም አንዱ ይህ ነው። ጥር 12 ቀን 2011 ዓ.ም. የኒው ኦርሊንስና የሎስ አንጀለስ ቡድኖች ለፍጻሜ ለማለፍ ሲጫወቱ የሎስ አንጀለሱ ተከላካይ ኳሷ ሳትደርስ ተቀባዩን ገጨው፤ ጨርቅ ግን አልተወረወረም። ኒው ኦርሊንስ ተሸነፈች። ቁጣው እጅግ ብርቱ ስለነበረ የማኅበሩ መሪዎች ይህን የመሰለ ጥፋት ለሚቀጥለው የውድድር ዘመን በቪዲዮ እንዲመረመር ደነገጉ። ድንጋጌው ከአንድ ዘመን አልዘለቀም፤ በዓመቱ ተተወ። ጥፋቱን ለመመዘን የሚያስፈልገው የሰው አስተያየት በምስሉ ፊትም እንደተለያየ ቀረ። ይግባኝ ፍርድን ያሻሽላል፤ ፍርድን ግን ከሰው እጅ አያወጣም።

ኢትዮጵያዊው ተመልካች ነገሩን ከሌላው ወገን ሆኖ ያየበት ቀንም ነበር። በ2011 ዓ.ም. ለአፍሪካ ሻምፒዮኖች ሊግ ፍጻሜ የግብፁ አል አሕሊና የቱኒዚያው ኤስፔራንስ ሲገናኙ በግብፅ በተደረገው የመጀመሪያ ግጥሚያ የተሰጡት ፍጹም ቅጣት ምቶች በቱኒዚያ ብርቱ ቁጣ ቀሰቀሱ። ጥቅምት 30 ቀን በራዴስ የመልሱን ጨዋታ እንዲዳኝ የተላከው ኢትዮጵያዊው ባምላክ ተሰማ ነበር። ያን ምሽት በቴሌቪዥን የተመለከተ የአዲስ አበባ ሰው ስለ ዳኛ ያለው አስተሳሰብ ለጥቂት ሰዓት ተለወጠ። በአዲስ አበባ ስታዲየም በባዕዱ ዳኛ ላይ ይሰነዝረው የነበረውን ጥርጣሬ ሌላው ሕዝብ በአገሩ ልጅ ላይ እንዲሰነዝር አልፈለገም። «ያየውን ይፍረድ፤ ይታመን» አለ። በሴቶች የዓለም ዋንጫ በ2007 ዓ.ም. በካናዳ፣ በ2011 ዓ.ም. በፈረንሳይ ለዳኝነት ስለተመረጠችው ስለ ሊዲያ ታፈሰም የተመኘው ይህንኑ ነው። ሰው ለገዛ ልጁ የሚለምነውን እምነት ለሌላው ልጅ ከነፈገ፣ የሚጠይቀው ፍትሕ ሳይሆን ድል ነው።

እንግዲህ የመጀመሪያው ጥያቄ መልስ በዚህ ይገኛል። ሰው ሊሳሳት ለሚችል ዳኛ የሚታዘዘው ዳኛው አይሳሳትም ብሎ አይደለም። በገዛ ጉዳዩ ራሱ ዳኛ ቢሆን የባሰ እንደሚሳሳት ስለሚያውቅ ነው። መታዘዙ ዝምታ አይደለም፤ በሥርዓቱ ይግባኝ ይላል፤ ሕጉ እንዲሻሻል ይከራከራል። «በሕግ አምላክ!» ሲባል ቆሞ ከዚያ በኋላ የሚሟገት ሰው የባሪያ ጠባይ የለበትም። ከዳኛውም በምላሹ የሚጠበቀው አለመሳሳት ሳይሆን ሚዛኑን ለሁሉም አንድ ማድረግ ነው። ሁለቱ ግዴታዎች አንድ ላይ ካልቆሙ ሁለቱም ይወድቃሉ።

በጉለሌው ዳገት ላይ አንዳንዴ የሚታይ ነገር አለ። «እጅ ነው!» «አይደለም!» እየተባለ ሳለ፣ ባለ ኳሱም ኳሷን በብብቱ ይዞ ሊሄድ ሲል፣ ኳሷ የነካችው ልጅ ራሱ አቀርቅሮ «ነክታኛለች» ይላል። የራሱ ቡድን ይቆጣዋል፤ አንዱም ይገፈትረዋል። ባለ ኳሱ ግን ኳሷን መልሶ ከድንጋዮቹ ፊት ያስቀምጣታል። ምቱ ገባም ሳተ፣ ጨዋታው እስኪመሽ ድረስ ይቀጥላል።